ሻጋታ ወለድ ሕማም፤ የቃሉ ፍችና የነገሩ ሁኔታ

ሻጋታ ወለድ ሕማም ማለት፣ ርጥበት ዘልቆ በሰነበተበት ግድግዳና ጣራ፣ ወይም ሳይደርቅ በተከተተ እህልና ገለባ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚበትነው ረቂቅ ዘር፣ ከምንስበው አየር ጋራ ወደ አፍንጫ፣ ወደ ጉሮሮና ወደ ሳንባ እየገባ፣ በተለይ ጠባየ ሥጋው ለዚህ በተጋለጠ ሰው ላይ የሚያስነሣው፣ ሰውየውም ከዚያው ቤት ሳይለይ በኖረ መጠን ለወራትና ለዓመታት የሚጸናበት የመተንፈሻ አካል ደዌ ነው። ሐኪሞቻችን ትምህርታቸውን የቀሰሙት በእንግሊዝኛ በመሆኑ የዚህን ሕማም ልዩ ልዩ ክፍሎች አስም፣ አለርጂ፣ ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒሞናይቲስ እያሉ በየስማቸው ይጠሯቸዋል፤ ሕዝቡም በበኩሉ ብርድ ነው፣ ምች ነው፣ የከረመ ጉንፋን ነው ይላል፤ አለዚያም በደፈናው «ቤቱ አልተስማማኝም» ብሎ ያልፈዋል። ከነዚህ ሁሉ አጠራሮች ለእውነቱ እጅግ የሚቀርበው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ሌሎቹ ስሞች ደዌው በሥጋ ላይ የሚያሳየውን ምልክት ሲናገሩ፣ ይህ አባባል ግን ደዌው ከወዴት እንደ መጣ ይጠቁማልና።

«ወለድ» የሚለው ቃል፣ ውሃ ወለድ በሽታ በሚለው አጠራር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እስከ ገበሬው ድረስ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ሻጋታ ወለድ ብንልም ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒሞናይቲስ የተባለውን ከባዱን ክፍል ደግሞ ሻጋታ ወለድ የሳንባ ቍጣ ብንለው፣ ቁስል ተቈጣ እያለ የሚናገር ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። አንዳንዶች ከውጭ አገር ወሬ ወስደው መርዛም ሻጋታ ሲሉ ይሰማል፤ ይህን አልመረጥሁትም፤ ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚያሳምመው ሻጋታው እንደ እባብ መርዝ ስለሚተፋ ሳይሆን፣ ሰውነት ራሱን ከባዕድ ነገር ለመጠበቅ ሲነሣ ከልክ አልፎ የገዛ ሳንባውን ስለሚጎዳ ነውና።

ለምሳሌ፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በከፍታ ላይ የተቀመጠችው የጭልጋ ከተማ አይከል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ዝናሙ የሚበረታባት፣ ጉሙም እስከ ረፋድ የማይገፈፍባት ጊዜ ብዙ ነው። በእንጨት ተማግሮ፣ ጭድ በተለወሰበት ጭቃ ተመርጎ የቆመው ቤት፣ የድንጋይ መሠረቱ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ የመሬቱን ርጥበት ከሥር እየሳበ ወደ ላይ ያወጣል፤ የቆርቆሮው ክዳን ሌሊት ሲቀዘቅዝ የተኙት ሰዎች እስትንፋስና የማታው ድስት እንፋሎት ከውስጥ በኩል ወደ ውሃነት ተለውጦ በኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ በዚያ ላይ የታጠበው ልብስ ፀሐይ አጥቶ ከቤት ውስጥ ይሰጣል፣ መስኮቱም ብርድ ፍራቻ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። ርሶ የቆየ ነገር በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መሻገት ሊጀምር ይችላል፤ ሻጋታም የሚመገበው እንደ ጭድ፣ እንጨት፣ ካርቶንና ጨርቅ ያለውን ከሕያው ፍጥረት የተገኘ ነገር ስለ ሆነ፣ በምርጊቱ ውስጥ ያለው ጭድ ለእርሱ ምግቡ ነው። በመጀመሪያ የሚታየውም ዓይን በማያዘወትረው ስፍራ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከአልጋ ራስጌ፣ ግድግዳውን ተደግፎ በተሠራው መደብ ጥግ ነው፤ ሰውም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው ከዚያው ጥግ ነው።

ይህ ነገር በቀደሙት ዘንድ ያልታወቀ አልነበረም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ የተሠራ ሥርዓት አለ፤ ባለቤቱ ለካህኑ ያስታውቃል፣ ካህኑም ሳይገባ በፊት ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ ያዛል፣ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ወደ ግድግዳው የጎደጎደ ምልክት ቢያይ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል፣ ተመልሶ ሲያይም ሰፍቶ ቢያገኘው ደዌ ያለባቸው ድንጋዮች ወጥተው ከከተማ ውጭ እንዲጣሉ፣ የቤቱ ውስጥ ዙሪያውን እንዲፋቅ፣ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ እንዲመረግ ያደርጋል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደዌው ቢመለስ ቤቱ ይፈርሳል። መጽሐፉ ይህን ለምጽ ይለዋል፤ የዛሬ ሊቃውንትም ብዙዎቹ ስለ ሻጋታ የተነገረ እንደ ሆነ ያስባሉ። «የቤት ለምጽ» የሚለው ስም ለዛሬው ሕማም ይገባው ነበር የሚል ሰው ቢኖር፣ ለምጽ የሚለው ቃል በአገራችን በሕሙማን ላይ ያመጣውን መገለል አስቦ ይተወው እላለሁ፤ በሥርዓቱ ግን አንድ የሚያስደንቅ ማስተዋል አለ፤ ካህኑ የሚመረምረው የነዋሪውን ገላ ሳይሆን ግድግዳውን ነው።

የሻጋታ ዘር፣ ሐኪሞች ስፖር የሚሉት፣ እጅግ የደቀቀ ነው፤ አስፐርጊለስ የተባለው ወገን ዘር ከሚሊ ሜትር ሺህ ክፍል ሁለቱን ወይም ሦስቱን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዱት እስከ ሳንባ ጥግ ይደርሳል። በአንዱ ሰው ላይ ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ ብቻ ያመጣል፤ አስም ያለበትን ሰው ወዲያው ደረቱን ያፍነዋል፤ ጥቂት ሰዎችን ደግሞ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ በብርድ ብርድ ማለት፣ በትኩሳት፣ በደረቅ ሳልና በትንፋሽ ማጠር ይይዛቸዋል፤ ይህ ነው የሳንባ ቍጣ የተባለው። ሰውየው ከስፍራው ቢለይ በአንድ በሁለት ቀን ይሻለዋል፤ ሳይለይ ቢቀር ግን ሳንባው ቀስ በቀስ እንደ ጠባሳ እየደረቀ ይሄዳልና ያ የደረቀው ክፍል ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለ ሠራተኞች ደዌ በጻፈው መጽሐፍ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች ከአቧራው የተነሣ እንዴት ሳንባቸው እንደሚታወክ አስታውሷል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ካምቤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1932 የሻገተ ድርቆሽ ሲያገላብጡ የታመሙ ገበሬዎችን ነገር ጽፎ፣ ደዌው በኋላ የገበሬ ሳንባ ተባለ። በቤት ውስጥ ስለሚደርሰው ግን ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር የሚገኘው በጃፓን ነው፤ በዚያ አገር ሙቀትና ርጥበት በሚበዛበት ወቅት፣ በአሮጌ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ትሪኮስፖሮን የተባለ ፈንገስ እየበቀለ የቤቱን ሰዎች በየዓመቱ በዚያው ወራት ያሳምማል፤ ሐኪሞቹም የበሰበሰውን እንጨት አስነቅለው ቤቱን ሲያስጠግኑ ሕሙማኑ ይድናሉ። በእኛ ዘንድ የሻገተ ጭድ ለከብት የሚያወጣው ልጅ፣ ክረምቱን በጎታ የሰነበተ ማሽላ በሰፌድ የምታበጥረው እናትም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም።

ሆኖም ስሙን ያገኘ ሁሉ ሕማሙን ሁሉ በእርሱ እንዳይተረጕም ልከኛ ድንበር ማስመር ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ሕፃናት ከሳንባቸው ደም ሲፈሳቸው ምክንያቱ ጥቁር ሻጋታ የሚባለው ነው ተብሎ ዓለም ደንግጦ ነበር፤ የአገሩ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ነገሩን መልሶ ቢመረምር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ማስረጃው እንደማይበቃ አስታወቀ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ዋድላ ደላንታ እጅና እግር እያደረቀ ብዙ ሰው የገደለው ደዌም የፈንገስ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን በእህል ውስጥ ገብቶ የተበላ እንጂ በአየር የተሳበ አይደለም፤ ስለዚህ በዚህ ስም አይጠራም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ ርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች አስምና ሌላም የመተንፈሻ ሕመም እንደሚበዛባቸው መስክሮ፣ ይህን ያህል ሻጋታ ያሳምማል፣ ይህን ያህሉ አያሳምምም የሚል ልክ ለማስቀመጥ እንደማይቻል፣ ዋናው መከላከያም ርጥበቱን ማስወገድ እንደ ሆነ ገልጧል።

በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚያስል ሰው አስቀድሞ የሚጠረጠረው በሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሁሉ አክታው መመርመር አለበት። ችግሩ የሚጀምረው ምርመራው ነቀርሳ የለም ካለ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ በሽተኛው አንዴ አንቲባዮቲክ፣ አንዴ የሳል ሽሮፕ እየተሰጠው ክረምት ከክረምት ይመላለሳል። እዚህ ላይ ሐኪሙ መጠየቅ የሚገባው ስለ ቤቱ ነው፦ ሕመሙ በየትኛው ወር ይበረታል? ማለዳ ከእንቅልፍ ሲነሡ ነው ወይስ ውጭ ሲውሉ? ለለቅሶም ለሠርግም ወጥተው ሌላ ቤት ሲያድሩ ይሻልዎታል? ከአይከል ደጋ ወደ መተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ ሰው ሳሉ እንደ ተወው ቢናገር ጥሩ ምልክት ነው፤ ነገር ግን አጨዳው የሚውልበት ወራት ራሱ ዝናም የሚያባራበት ስለ ሆነ፣ የሻለው ከቤቱ በመራቁ ይሁን ከክረምቱ በመውጣቱ ለመለየት በቤቱ ሳለ የነበረውን ጥቅምትና ኅዳር ጭምር መጠየቅ ይገባል። ከቆላ ትኩሳት ይዞ የተመለሰውን ግን፣ ሻጋታ ከማሰብ በፊት የወባና የካላ አዛር ምርመራ ይቅደምለት። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ኪኒን የሳንባን ቍጣ በእርግጥ ያበርዳል፤ ነቀርሳ ለተሸሸገበት ሰው ግን ደዌውን የሚያባብስ ስለ ሆነ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት መሸጫ ገዝቶ መዋጥ አደጋ ነው።

መድኃኒቱ ዋጋ የሚኖረው ግድግዳው ሲደርቅ ነው። በረኪና በሴራሚክና በቀለም ላይ ያለውን ሻጋታ ይገድላል፤ በጭቃ ምርጊት ላይ ግን ፊቱን አንጥቶ ሥሩን ይተወዋል፤ ስለዚህ የሻገተው ምርጊት እስከ ደረቁ ክፍል ድረስ ተፍቆ፣ ፍርፋሪውም ከግቢ ርቆ መጣል አለበት። ይህን ሥራ በሽተኛው ራሱ አይሥራው፤ የሚሠራውም ሰው አፍንጫና አፉን በማስክ ሸፍኖ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ግድግዳውንም ጥቂት ውሃ እየረጨ ዘሩ እንዳይቦንን ይጠንቀቅ። ከዚያ በኋላ ያለው ከሁሉ የሚሻለው ነገር ኖራ ነው። ኖራ በጠባዩ ሻጋታ የማይወድደው ሲሆን ግድግዳውም ርጥበቱን ወደ ውጭ እንዲያወጣ ይተወዋል፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚለሰን ሲሚንቶ ግን ውሃውን ከውስጥ ዘግቶ ያስቀረዋል። የጎንደርን አብያተ መንግሥት የሠሩት ግንበኞች በ17ኛው መቶ ዓመት ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነበር፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገውም ጥገና በኋላ ተነሥቶ በኖራ እንዲተካ የተደረገው፣ የጥንቱ ጥበብ ለሕንጻው የሚስማማ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ለጎንደር ነገሥታት ቤት የተገባው ለአይከል ጭቃ ቤት የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም።

በቤቱ ዙሪያ የጎርፍ መሄጃ ቦይ መቆፈር፣ ለቆርቆሮው አሸንዳ ማበጀት፣ አልጋውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ማራቅ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ በርና መስኮት መክፈት፣ እነዚህ ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ትጋት የሚጠይቁ ናቸው። አብያተ ክርስቲያናታችን የብራና መጻሕፍትን በማኅደር ጨምረው ከመሬት ከፍ አድርገው በግድግዳ የሚሰቅሉት፣ ለብራናው ርጥበትን ጭምር ፈርተው ነው፤ ለብራና እንዲህ ከተፈራለት ለሳንባ ይልቁን ሊፈራለት ይገባል። አንዳንድ እናቶች ክረምት ሲገባ ቤቱን በወይራ ጢስ ያጥናሉ፣ ምድጃውም ከቤት ውስጥ እንዲነድ ይፈቅዳሉ፤ የእሳቱ ሙቀት ክዳኑን እንደሚያደርቅ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሳንባው አስቀድሞ ለተቈጣ ሰው ጢስ ሌላ ጠላት ነውና፣ ማብሰያው ወደ ውጭ ማድ ቤት ይዛወር።

በኪራይ ቤት የሚኖርና ባለቤቱ የማይጠግንለት፣ ወይም በቅርብ ዓመታት በጭልጋ በደረሰው ግጭት ከቤቱ ተፈናቅሎ በሸራ ሥር ያደረ ሰው፣ ይህ ምክር ሁሉ ሩቅ እንደሚሆንበት አውቃለሁ፤ ስለ እርሱ ሊናገሩለት የሚገባቸው የጤና ጣቢያውና ቀበሌው ናቸው። እነዚህም ሊናገሩ የሚችሉት ደዌው ስም ሲኖረው ነው። ሳል ብቻ ተብሎ የተጻፈ ካርድ ስለ ግድግዳው አንዳች አይናገርምና።

ሕማሙ የቆየበት ሰው ብዙ ጊዜ በቤተ ሰቡ ዘንድ ሰነፍ ይባላል፤ ማለዳ ደክሞት ሲነሣ፣ ሐምሌ ሲመጣ እርሻ ሲያቅተው፣ በአንድ ቤት የተኙት ሌሎቹ ደኅና ሲሆኑ የእርሱ ብቻ መታመም የልቡ ድካም ይመስላቸዋል። ስፖሩን ሁሉም ይስቡታል፤ የሚቈጣው ግን የአንዱ ሰውነት ነው፤ ይህን ባልና ሚስት፣ አማትና ምራት ቢረዱት ከመድኃኒት እኩል ያሳርፋል። አስም ያለበት ሰው ኢንሄለሩን ሲሻለው አውጥቶ እንዳይጥል፣ ሐኪም ያዘዘለትን መከላከያ ክረምቱ ሳይገባ እንዲጀምር፣ የሚያስልበትን ወርና ያደረበትንም ቤት በደብተር ጽፎ እንዲይዝ ያስፈልጋል። ያን ደብተር ይዞ ወደ አይከል ሆስፒታልም ሆነ በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ቢሄድ፣ የሚቀበለው ሐኪም ከራጁ በፊት ደብተሩን ያንብብለት፤ በካርዱም ላይ በአማርኛ ሻጋታ ወለድ ብሎ ይጻፍለት፤ በሚቀጥለው ክረምት ካርዱን የሚገልጠው ሌላ ሐኪም «ግድግዳው ተጠገነ ወይ?» ብሎ እንዲጀምር።