ከመድረኩ ጀርባ ያሉት እነማን ናቸው? የካፋን ታሪክ በሙዚቃ ትያትር ለመሥራት የሚያስፈልገው ቡድን

መስከረም ሲጠባ ከቦንጋ የሚለቀቁ ቪዲዮዎች ስልካችንን ይሞሉታል። የካፈቾ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ ነዋ! ጭፈራው አለ፣ አለባበሱ አለ፣ ሕዝቡ አለ። ከቪዲዮው በታች ያለው ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ከሦስት ቃል አይበልጥም፦ «የካፋ የባህል ቡድን»። ማን ዘፈነ? ዜማውን ለወጣቶቹ ማን አስተማራቸው? ጭፈራውን ለመድረክ ማን አቀናጀው? መልስ የለም።

በዚህ ጽሑፍ በአንድ የሙዚቃ ትያትር ጀርባ እነማን እንዳሉ በዝርዝር እናያለን። ምሳሌያችን የካፋ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ለመድረክ የሚሆን ሁሉ ነገር አለው። ትያትር ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁም እንደ መነሻ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

🔹 የሙዚቃ ትያትር ስንል ምን ማለታችን ነው?

በባህል ትርኢት አንዱ ዘፈን ያልቃል፣ ሌላው ይቀጥላል። በሙዚቃ ትያትር ግን ታሪኩን የሚያራምደው ዘፈኑ ራሱ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ዘፈኑን ብታወጡት ታሪኩ ይጎድላል? እንግዲያው የሙዚቃ ትያትር ነው። ሳይነካ ይቀጥላል? እንግዲያው ዘፈን ያለበት ትያትር ነው።

ልዩነቱ የቡድኑን ስፋትም ይወስናል። ለባህል ትርኢት ጥሩ ዘፋኝና ተወዛዋዥ ሊበቃ ይችላል። ለሙዚቃ ትያትር ግን ታሪክ የሚጽፍ፣ ግጥምን ከዜማ የሚያገናኝ፣ ትወናን ከውዝዋዜ የሚያዋህድ ሰው ያስፈልጋል።

🔹 ከእኛ በፊት እንዴት ተሠራ?

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዮፍታሔ ንጉሤ ጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልዶ በቅኔ ያደገ ደራሲ ነበር። መምህር ሆኖ ለተማሪዎች መዝሙርና ተውኔት ይጽፍ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረው ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የእሱ፣ ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ኬቮርክ በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው «አርባ ልጆች» ከተባሉት አርመናውያን ወጣቶች ጋር የመጣ የሙዚቃ መሪ ነበር። አንዱ ቃሉን፣ አንዱ ዜማውን አዋጣ፤ የሁለቱም ስም እስከዛሬ ይጠራል።

በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ትያትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲከፈት የቀረበው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም የዚያን ትያትር ቤት ሙዚቃ ካሳደጉት ባለሙያዎች አንዱ ነበር።

ለቦንጋ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ይመስለናል። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብህ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል መሠረተው። ለየብቻ ይሰሙ የነበሩትን ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ እምቢልታንና ከበሮን አንድ መድረክ ላይ አገናኘ። በ1966 እ.ኤ.አ. ቡድኑን የተረከበው ተስፋዬ ለማ ሙዚቃውን ከትዕይንት ጋር እያጣመረ መራው። በ1969 እ.ኤ.አ. «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካ ድረስ ሄደው ተጫውተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከቡድኑ ጋር ይጫወት የነበረው አሜሪካዊ ቻርልስ ሳተን ማሲንቆ የተማረው ከጌታመሳይ አበበ ነው። ይህን ዛሬ የምናውቀው የአስተማሪው ስም ስለተመዘገበ ነው። ባይመዘገብ ኖሮ «አንድ አሜሪካዊ ማሲንቆ ይጫወት ነበር» ከሚል ወሬ ውጪ የሚተርፍ ነገር ባልኖረ ነበር።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ የኪነት ዘመን መጣ። ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ዘፈን፣ ውዝዋዜና አጭር ድራማ በአንድ ምሽት ይቀርብ ነበር። የመንግሥት ቅስቀሳ ዋና ሥራቸው ቢሆንም ብዙ ድምፃውያን የወጡት ከዚያ ነው፤ ማሪቱ ለገሰ ከወሎ ላሊበላ ኪነት እንደወጣችው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ቦንጋ በከፋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ግን ጅማ ነበር። ስሙ የካፋ፣ ዋናው መድረክ የጅማ! ዛሬ ነገሩ ተቀይሯል፤ ቦንጋ ራሷ የክልል መቀመጫ ናት።

🔹 ታሪኩና ገጸ ባሕርያቱ

እንበል የመጨረሻውን የካፋ ንጉሥ ታሪክ ልትሠሩ ነው። መድረኩ ላይ እነማን ይቆማሉ?

▪️ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ፦ «ታቶ» ንጉሥ ማለት ነው። ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነገሠ። የምኒልክ ጦር ሲመጣ ለወራት ተዋግቶ በመስከረም 1890 ዓ.ም. (1897 እ.ኤ.አ.) ተያዘ። በብር ሰንሰለት ታስሮ እንደተወሰደ ይነገራል። ከአገሩ ርቆ በግዞት ኖሮ በ1919 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ተዋናዩ የንግሥናን ግርማ ብቻ ሳይሆን ረጅም የእስር ዓመታትንም መሸከም አለበት።

▪️ ሚክሬቾዎች፦ የንጉሡ የምክር ቤት አባላት፤ ሰባት እንደነበሩ ይነገራል። ንጉሡ ብቻውን የሚወስን አልነበረም። በሙዚቃ ትያትር ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሰባት ወንዶች እየተቀባበሉ የሚከራከሩበት ዝማሬ ሊወጣው ይችላል።

▪️ የኬሎ ጠባቂዎች፦ ካፋ ድንበሯን «ሂሪዮ» በሚባል ጥልቅ ቦይ ታጥር ነበር፤ በሮቹ «ኬሎ» ይባላሉ። በሩን ይጠብቁ ከነበሩት ውስጥ የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ይገኙበታል።

▪️ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ፦ የዘመቻው መሪ። የጅማው አባ ጅፋር ጦርም አብሮ ዘምቷል። ስለዚህ መድረኩ ላይ ካፊኖኖ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ሊሰሙ ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስን «ክፉ ሰው» አድርጎ ብቻ መሣል ቀላል ነው፤ ጥሩ ጸሐፊ ግን የሁለቱንም ወገን ምክንያት ያሰማል።

▪️ ፍሪድሪክ ቢበር፦ ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካፋን የጎበኘና ስለ ካፋ ሁለት ጥራዝ መጽሐፍ የጻፈ ኦስትሪያዊ። ንጉሡ ከተያዘ በኋላ የመጣ ስለሆነ ለተራኪነት ይመቻል።

▪️ ሕዝቡ፦ ገበያተኛው፣ አርሶ አደሩ፣ በተለይ ሴቶቹ። የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው ስለ ንጉሥና ስለ ጦር መሪ ነው። የአንደራቻ ቤተ መንግሥት ሲቃጠል እንሰቱን ትታ የሸሸችው እናት ስሟ የትም አልተጻፈም። ለእሷ ድምፅ የሚሰጣት ትያትሩ ነው።

ዘውዱም እንደ ገጸ ባሕርይ ነው። ምኒልክ ዘውዱን ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ ከአገር ወጣ፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ንጉሡ አልተመለሰም፣ ዘውዱ ተመለሰ። ለማጠናቀቂያ ትዕይንት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

🔹 የፈጠራ ቡድኑ

▪️ ጸሐፌ ተውኔት፦ ታሪኩን የሚጽፍ። በካፊኖኖ የሚያስብ ሰው ቢሆን ይመረጣል። በአማርኛ ተጽፎ የተተረጎመ ቀልድ ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ ይሞታል።

▪️ ገጣሚና ዜማ ደራሲ፦ እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካፊኖኖ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃል ትርጉም ሊለይ የሚችልበት ቋንቋ ነው። ቃሉ ዝቅ ሲል ዜማው ከፍ ካለ፣ ሰሚው ሌላ ቃል ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ባለሙያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው መሥራት አለባቸው፤ በቴሌግራም ፋይል መላላክ ብቻ አይበቃም።

▪️ አቀናባሪ፦ የነባሩን ዜማ መሣሪያ የሚያከፋፍል። ኪቦርድ ሁሉንም ነገር እንዳይውጠው የሚጠብቀውም እሱ ነው።

▪️ አዘጋጅ፦ የሁሉም ነገር የመጨረሻ ወሳኝ። በአገራችን «አዘጋጅ» ሲባል ዝግጅት የሚያስተባብር የሚመስላቸው አሉ፤ በትያትር ግን ትወናውን፣ እንቅስቃሴውንና የትዕይንቱን ፍጥነት የሚመራው ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሙያው የሚሰጥበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል በ1978 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው።

▪️ የውዝዋዜ አሠልጣኝ፦ ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ የሚጨፈር ጭፈራ መድረክ ላይ ሲወጣ ተመልካቹ ፊት ለፊት ብቻ ነው ያለው። ክቡን ሳያጠፉ መክፈት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

▪️ የባህል አዋቂ፦ በብዙ ፖስተሮች ላይ ጨርሶ የማይገኘው ስም ይሄ ነው። ይህን ዘፈን ለቅሶ ላይ እንጂ ሠርግ ላይ አንዘፍነውም፣ ይህን ልብስ ተራ ሰው አይለብሰውም ብሎ የሚያርም ሽማግሌ ወይም እናት። በነባሩ የካፋ ማኅበረሰብ ዘፋኝነት ሻቶ የሚባሉ ወገኖች ሙያ ነበር፤ የንጉሥና የጎሳ ታሪክ በቃል ይዘው ያቆዩ ሰዎች ናቸው። እነሱ የሌሉበት የካፋ ሙዚቃ ትያትር ምንጩን የደበቀ ወንዝ ይሆናል።

▪️ የመድረክ፣ የአልባሳት፣ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎች፦ ጫካ፣ እንሰትና ሂሪዮ በጠባብ መድረክ ላይ እንዴት ይታያሉ? ቦንጋ ደግሞ ዝናብ አትቸገርም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ዝናብ ከጀመረ ዘፋኙ አይሰማም። የድምፅ ባለሙያው ይህን ቀድሞ ማሰብ አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳውም ሰው እንዲሁ።

▪️ የመድረክ አስተባባሪ፦ ማን መቼ ይገባል፣ ጦሩ የት ተቀመጠ፣ መጋረጃው መቼ ይዘጋል? ሥራው ጥሩ ሲሆን ማንም አያየውም።

🔹 ተዋናይ ስንመርጥ

ከባዱ ጥያቄ እዚህ ነው። ማንጆዎች በካፋ ለረጅም ጊዜ ተገልለው የኖሩ ማኅበረሰብ ናቸው፤ አብሮ መብላትና መጋባት እንኳ ተከልክሎ ቆይቷል። እና የኬሎ ጠባቂውን ሚና ማን ይጫወት? ሌላ ሰው ለማሳቂያ አድርጎ ከተጫወተው፣ ትያትሩ የድሮውን ቁስል በአዲስ ቲኬት እየሸጠ ነው። ከማኅበረሰቡ የመጣ ወጣት በክብር ከተጫወተው ግን፣ ያ ትዕይንት ብቻውን ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሊሠራ ይችላል።

🔹 «ክልላዊ» ሲሆንስ?

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ አንድ ላይ መጡ። ሸኪኖኖ የካፊኖኖ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሌሎቹ ግን ይለያያሉ። ዳውሮ ዲንካ አለው፤ ነፊዎቹ ተቀናጅተው የሚጫወቱት ረጃጅም የትንፋሽ መሣሪያ። ክልላዊ ትያትር ማለት ግን ከየዞኑ አንድ አንድ ዘፈን ለቅሞ መደርደር አይደለም። ዲንካው የሚነፋበት ምክንያት ከታሪኩ ውስጥ መውጣት አለበት፤ ነፊዎቹም ከዳውሮ መምጣት አለባቸው።

🔹 ስምና መብት

ስም መጥራት የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብም ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን (ጸሐፊውን፣ ገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውን) ይጠብቃል፤ ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ዘፋኙ፣ ተዋናዩና ተወዛዋዡ ደግሞ «ከዋኝ» ተብለው የራሳቸው መብት አላቸው። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ግን ስሙ የትም ያልተጻፈ ሰው «እኔ ነበርኩ» ብሎ በምን ያስረዳል?

ስለዚህ ከልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እነዚህን አድርጉ፦

✅ የሁሉንም ሰው ስምና ድርሻ በወረቀት ጻፉ፤ አስፈርሙ።
✅ «ዜማ» እና «ቅንብር»ን ለዩ። የሕዝብ ዜማ ከሆነ «የሕዝብ ዜማ» በሉ፤ ከየትኛው ወረዳና ከማን እንደተማራችሁት ጨምሩ። ያቀናበረው ሰው የዜማው ባለቤት አይደለም።
✅ የባህል አዋቂውን ስም ፖስተሩ ላይ አውጡ፤ አበልም ይከፈለው። «ምርቃት ይበቃዋል» አይባልም።
✅ ቪዲዮ ስትለቁ ዝርዝሩን ከቪዲዮው ሥር አስቀምጡ። ቲክቶክ ላይ ቦታ ካነሰ የመጀመሪያው ኮሜንት ላይ አድርጉት።

እኛም እንደ ገጽ ድርሻ አለን፤ ከአሁን በኋላ ከካፋም ሆነ ከየትኛውም ዞን ትርኢት ስናጋራ የሠሪዎቹን ስም ጠይቀን እንጽፋለን።

እናንተ ጋ ያለው ቡድን ውስጥ ዜማውን ያስተማራችሁ ማን ነው? እሳቸውን ፈቃድ ጠይቁና ስማቸውን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። 👇