ጓዝ አሸክሞ የማስተማር ታሪክ

ልጄ በምትማርበት የኮሎራዶ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በየዓመቱ ድንኳናቸውንና ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ተራራ ላይ ያድራሉ። እናቴ የጓዙን ዝርዝር አይታ «ከፍሎ መሸከም ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አለችኝ። የታሪክ መምህር ነኝና ጥያቄዋን እንደ ቀልድ አላለፍኩትም። ፍለጋው ግን ከሮኪ ተራሮች ነጥቆ ጦርነት ወደሚንጣት አውሮፓ ወሰደኝ።

መነሻው ኩርት ሃን የተባለ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በርሊን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ1920 ከጀርመናዊው ልዑል ማክስ ጋር ሆኖ እዚያው ጀርመን፣ ዛሌም ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1932 ለቀድሞ ተማሪዎቹ ከሂትለርና ከዛሌም አንዱን እንዲመርጡ ጻፈላቸው። ናዚዎች ሥልጣን እንደያዙ አሰሩት፤ ከተፈታ በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። በ1934 ስኮትላንድ ውስጥ የጎርደንስተንን ትምህርት ቤት መሠረተ። እዚያ የሞሬይ ባጅ የሚባል ሽልማት አወጣ። ባጁን ለማግኘት ሩጫና ዝላይ ብቻቸውን አይበቁም፤ ረጅም ጉዞም መወጣት ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትና የአትላንቲክ የባሕር ውጊያው መጣ። የብሉ ፈነል መርከብ ድርጅት ባለቤት ሎረንስ ሆልት፣ መርከብ ሲሰምጥ ልምድ ያላቸው ጎልማሶች ሲተርፉ ጎረምሶቹ በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ቶሎ ተስፋ እየቆረጡ ይሞታሉ ብሎ ያምን ነበር። ከሃን ጋር ተባብሮ በ1941 ዌልስ ውስጥ አበርዶቪ ላይ አውትዋርድ ባውንድ የተባለውን ማሠልጠኛ ከፈተ። ሥልጠናው አንድ ወር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ጀልባ መቅዘፍ፣ ነፍስ ማዳንና ተራራ ማቋረጥ ነበረበት። ከሁሉ የገረመኝ የሠልጣኞቹ ስብጥር ነው፤ የመርከብና የፋብሪካ ተለማማጆች ከባለጠጋ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆች ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ይገቡ ነበር።

ጎርደንስተን ያስተማረው አሜሪካዊ ጆሹዋ ማይነር ሐሳቡን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1962 የመጀመሪያው የአሜሪካ አውትዋርድ ባውንድ ሥልጠና እዚሁ ኮሎራዶ፣ ማርብል አጠገብ ተጀመረ። ኋላ በዚያ ካሠለጠኑት አንዱ በ1938 ወደ ኬ2 ተራራ የዘመተው ፖል ፔትዞልት ነበር። ብቁ መሪ እንደሚያንስ አይቶ በ1965 ዋዮሚንግ ውስጥ ራሱን የቻለ የመሪዎች ማሠልጠኛ አቋቋመ። በዚያው ዓመት አውትዋርድ ባውንድ ሚኒሶታ ላይ ሴቶች ልጆችን ለብቻቸው አሠለጠነ።

ዛሬ የልጄ ቡድን ጓዙን ሲከፋፈል የሃን አሻራ ይታየኛል፤ ድንኳኑን አንዷ፣ ምሰሶውን ሌላዋ፣ ምድጃውን ሦስተኛዋ ትይዛለች። አንዷ ወደኋላ ከቀረች የቀሩት በቅጡ አያድሩም፤ ስለዚህ ጉልበተኛዋ የደካማዋን እርምጃ መጠበቅ አለባት።

አበርዶቪ ላይ ግን የወዛደሩ ልጅም ከጉዞው አልቀረም ነበር። ዛሬ የተራራ ጫማና ጥሩ ቦርሳ የወላጅን ኪስ ይፈትናሉ። ትምህርት ቤቱ የሚያውሰው ዕቃ ካላዘጋጀ ወደ ተራራ የሚወጡት ያላቸው ልጆች ብቻ ይሆናሉ፤ ያኔ የተወረሰው የሃን ሸክም እንጂ ትምህርቱ አይደለም። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ የማነሳው ጉዳይ ይኸው ነው፦ ዕቃ መግዛት ላልቻለ ልጅ የተዘጋጀ ቦርሳ አለ ወይ?