ኮሌስትሮልና የልብ በሽታ

ኮሌስትሮል በሰውና በእንስሳት ሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ ስብ መሰል ንጥረ ነገር ነው። ሰውነት የሕዋስ ሽፋንን ለመገንባት፣ እንዲሁም ሐሞትን፣ ቫይታሚን ዲንና እንደ ኤስትሮጅንና ቴስቶስቴሮን ያሉ ሆርሞኖችን ለመሥራት ይጠቀምበታል። አብዛኛውን የሚያመርተው ራሱ ሰውነት ሲሆን ከምግብ የሚገኘው ድርሻ ያነሰ ነው። በደም ውስጥ ሲበዛ ግን የደም ቧንቧዎችን በማጥበብ ለልብ በሽታና ለስትሮክ ያጋልጣል።

በደም ውስጥ

ስብ ከውኃ ጋር ስለማይዋሃድ ኮሌስትሮል የሚጓጓዘው ሊፖፕሮቲን በሚባሉ ጥቃቅን እሽጎች ውስጥ ሆኖ ነው። ከነዚህ አንዱ ኤልዲኤል ሲሆን፣ ሲበዛ በደም ወሳጅ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሊያጸዱት የሚመጡት ነጭ የደም ሕዋሳትም በስብ ተሞልተው እዚያው ይከማቻሉ። ክምችቱ ለብዙ ዓመታት ያለ ምንም ሕመም ያድጋል። ሽፋኑ ድንገት ከተቀደደ በላዩ ላይ ደም ይረጋና ቧንቧውን ይዘጋዋል። ይህ በልብ ቧንቧ ላይ ከደረሰ የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ ይሞታል፤ በአንጎል ላይ ከደረሰ ስትሮክ ይባላል። ኤችዲኤል የተባለው ሌላው እሽግ «ጥሩ ኮሌስትሮል» ቢባልም፣ መጠኑን በመድኃኒት ለማሳደግ የተደረጉት ሙከራዎች የተጠበቀውን ጥቅም አላስገኙም።

በአዋቂዎች ዘንድ ኤልዲኤል ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 190 እና ከዚያ በላይ በጣም ከፍተኛ ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ውጤቱን በሚሊሞል በሊትር ስለሚጽፉ ሁለቱን ቁጥሮች ከማነጻጸር በፊት መለኪያውን ማየት ያስፈልጋል፤ 100 ሚሊግራም በዴሲሊትር 2.6 ሚሊሞል በሊትር ገደማ ነው።

በዘር የሚተላለፈው ዓይነት

ኤልዲኤል ብቻውን ለሕመም እንደሚበቃ በግልጽ ያሳየው በዘር የሚተላለፈው የኮሌስትሮል ብዛት ነው። ከአንድ ወላጅ የሚወርሱት ከ250 ሰዎች አንድ ያህል ናቸው። ሕክምና ካላገኙ ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት ሳይሞላቸው በልብ ቧንቧ በሽታ ይያዛሉ። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ልጅ ደግሞ፣ ሲጋራም ሆነ የስኳር በሽታ ሳይኖርበት፣ በልጅነቱ የልብ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ኤልዲኤሉም ብዙውን ጊዜ ከ500 ይበልጣል።

ምክንያቱን በ1970ዎቹ ያገኙት በዳላስ፣ ቴክሳስ ይሠሩ የነበሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው። በነዚህ ሕሙማን ሕዋሳት ላይ ኤልዲኤልን ከደም የሚይዘው ተቀባይ ጎድሎ ወይም ተበላሽቶ አገኙት። ለዚህም በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን በዋናነት የሚያነሳው ጉበት በመሆኑ፣ በ1984 በፒትስበርግ ሐኪሞች በዚህ ሕመም ለተያዘች የ6 ዓመት ልጅ ልብና ጉበት በአንድ ጊዜ ተከሉላት። ከ1000 በላይ የነበረው ኮሌስትሮሏ ከግማሽ በታች ወረደ።

ምግብና መድኃኒት

በምግብ ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ይልቅ ኤልዲኤልን የሚጨምረው እንደ ቅቤና የፓልም ዘይት ባሉት ውስጥ በብዛት የሚገኘው፣ በቀላሉ የሚረጋው ስብ ነው። ከአትክልት የሚወጣ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ስለሚቻል፣ በጀሪካን ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ዘይቱ ለልብ ተስማሚ ስለመሆኑ ምንም አይናገርም።

ዋናው መድኃኒት ስታቲን ነው። ጉበት የራሱን ምርት እንዲቀንስ በማድረግ ብዙ ተቀባዮችን እንዲያወጣ ያስገድደዋል። የመጀመሪያውን ስታቲን ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ሲሆን፣ ያገኘውም በሺህ የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን ከመረመረ በኋላ ነበር። በ1994 በወጣው የስካንዲኔቪያ ጥናት፣ የልብ ሕመም ከነበረባቸው 4,444 ሰዎች መካከል ሲምቫስታቲን የወሰዱት የመሞት ዕድላቸው በ30 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት የጡንቻ ሕመም ነው፤ በእርግዝና ወቅትም አብዛኛውን ጊዜ እንዲቋረጥ ይመከራል።