ጆሮው የት ይቁም? ከሸክላው ቱቦ እስከ መሐል ሜዳ ጎጆ

አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። ማሲንቆውን ይዞ የገባበት ቤት ሁሉ አብሮት ይዘፍናል። አንዱ ከጥግ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ያችኑ ስንኝ በዜማው ጠቅልሎ መልሶ ያወጣታል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ጠላ ቀጂዋ እንኳ ጣሳዋን እንደያዘች ቆማ ትስቃለች። ይህን ሁሉ ልቅረጽ ብሎ የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የመሣሪያው ዋጋ አይደለም። ማይክሮፎኑን የት ላቁመው? የሚል ነው። ጥያቄው የቴክኒሻን ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የሀገራችን የድምፅ ታሪክ በዚች ጥያቄ በኩል ቢታይ ከምናስበው በላይ ይገለጣል ባይ ነኝ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ማይክሮፎን አልነበረም፤ ቱቦ ነበር። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የላከችው ቃል ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም መልሳቸውን በዚያው ዓይነት መሣሪያ አሰምተው ላኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተናጋሪው አፉን እንደ ጡሩምባ ወደተከፈተው ቱቦ አስጠግቶ ይናገራል። የትንፋሹ ግፊት በቱቦው ጠባብ ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሽፋኑ መርፌውን፣ መርፌው ሰሙን ይጭራል። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር በመካከሉ የለም። ሰሙን የሚቆፍረው የሰውየው የገዛ ጉልበቱ ነው ማለት ይቻላል። በ1906 ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን ሐኪምም እንዲሁ ባለ መሣሪያ በሰም ቀለበቶች ላይ ድምፅ ቀርጾ ወደ በርሊን ወስዷል።

ከዚያ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ተራ መጣ። የምንጃሩ ተወላጅ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ልጅ፣ ግጥም ከአፉ የማይነጥፍ ሰው ነበር። በ1908 ወደ ጀርመን ሄዶ እስከ 1910 በነበረው ጊዜ በበርሊን ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀረጸ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የተጀመረው በእርሱ ነው ይባላል። በዚያ ዘመን በቀረጻ ክፍል የ«ማይክ አቀማመጥ» ማለት የሰው አቀማመጥ ነበር፤ ቱቦው ከግድግዳው ንቅንቅ አይልም፣ ዘፋኙ ነው የሚጎተትና የሚገፋ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወደኋላ ይሸሻል፣ ሲያለሰልስ ራሱን ወደ ቱቦው አፍ ያስገባል። ድምፀ ቀጭን መሣሪያ የያዘ ቱቦው ሥር ይቀመጣል፤ ጮኾ የሚነፋ ከሆነ የክፍሉ ጥግ ዕጣው ነው። የሚቀረጸውም በግምት ከ250 እስከ 2,500 ኸርዝ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ለእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስበው። የ«ሰ» ፉጨት፣ የ«ፀ» ፍንጣቂ፣ የ«ጨ» ስንጥቅ አብዛኛው ከዚያ ወሰን በላይ ነው። የድሮ ሸክላ ስንሰማ ቃሉ የሚጠፋን ሸክላው ስላረጀ ብቻ አይምሰለን፤ መጀመሪያውኑ ያልገባ ፊደል አለ።

በ1925 የኤሌክትሪክ ቀረጻ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ከእንግዲህ ሰውየው ይቀመጣል፤ ማይክሮፎኑ ይዞራል። አሜሪካዊው ጆን ሎማክስና ልጁ አለን በ1933 ወደ 143 ኪሎ የሚመዝን የሸክላ መቅጃ በመኪናቸው ጭነው በየእስር ቤቱና በየእርሻው መዞር የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ ናግራ የተባለው የስዊስ መቅጃ ሲመጣ ደግሞ ሸክሙ ትከሻ ላይ ወጣ። በ1960ዎቹ የለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም ባልደረባ ጂን ጄንኪንስ ኢትዮጵያን ዞራ ቀርጻ በ1970 በሦስት ሸክላ ያወጣችው ሥራ የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። ከሦስቱ አንደኛው የመካከለኛው ደጋ ሙዚቃ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የነበረው ችግር ግን ሌላ ነው። ሐሊም ኤል ዳብ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም በገናንና ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና ክራርን፣ እምቢልታንና መለከትን ባንድ መድረክ አሰለፈ። እነዚህ መሣሪያዎች በተፈጥሯቸው ባንድ ቤት የሚያድሩ አይደሉም። መለከት የንጉሥ መምጣት የሚታወጅበት የሜዳ ድምፅ ነው፤ በገና ደግሞ በጾም ወራት፣ በጓዳ፣ ለአንድ ሰውና ለፈጣሪው የሚደረደር። ሁለቱን የሚያስማማ ወይ አቀማመጥ ነው፣ ወይ ማይክሮፎን ነው። በሀገራችን የባህል ሙዚቃ ማይክ ፊት መሰለፍን የተማረው እንዲህ ባሉ መድረኮች ይመስለኛል። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ግን ክቡ ፈርሶ ሰልፍ ሆነ። ክብ ሠርቶ እርስ በርሱ ይተያይ የነበረ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞረ።

ስለ በገና ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የበገና አሥር ጅማቶች መቀመጫቸው ላይ እንዚራ የሚባሉ ጥቃቅን ቆዳዎች አሉ፤ ያ የሚያንዘዝ፣ የንብ ቀፎ የመሰለ ድምፅ የሚወጣው ከእነርሱ ነው። ለበገና እንግዳ የሆነ ቴክኒሻን ይህን ሲሰማ ገመድ የተበላሸበት ይመስለዋል፤ ማይኩን ያሸሻል ወይም በማጣሪያ ይቆርጠዋል። የቆረጠው ግን በገናውን ነው። የዓለሙ አጋ በገና በ1970ዎቹ በሲንቲያ ኪምበርሊን ተቀርጾ በዩኔስኮ የሙዚቃ ተከታታይ ሲወጣ የውጭውን ጆሮ የሳበው ይኸው ንዝረት ነበር። ማይኩ ወደ ታችኛው ሣጥን ዝቅ ብሎ፣ ከአፍም ከጅማትም እኩል ርቆ ቢቆም፣ ደርዳሪው እንደ ሹክሹክታ የሚያወጣው ቃል ከእንዚራው ሥር አይሰጥምም፣ አይጋርደውምም።

አሁን ወደ መንዝ እንውጣ። ከጣርማ በር ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ ሞላሌን አልፎ የሚሄደው መንገድ መሐል ሜዳ ያደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ጓሳ የሚባለው ውርጫማ ምድር ጎረቤቷ የሆነ፣ የነፋስ አገር ናት። ለቀራጭ የመጀመሪያው ጠላት ይኸው ነፋስ ነው። ነፋስ የማይኩን ስስ ሽፋን ሲመታው የሚሰማው ፉጨት አይደለም፤ ከበሮ ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ ጠጉራም የሆነ የፋብሪካ ልብስ ያለብሱታል። በበግ ጠጉር የሚታወቅ አገር ላይ ሆኖ ይህን መግዛት ለእኔ ቀልድ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ለምድ አይሆንም፤ ቆዳው ነፋሱን ብቻ ሳይሆን ቀጭኑንም ድምፅ ያግዳል። የሚሻለው ሳሳ ብሎ የተሸመነ ሱፍ ነው። ነፋሱ ጠጉሩ ውስጥ ሲርመሰመስ ጉልበቱ ያልቃል፣ ድምፁ ግን ያልፋል።

ከቤት ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ነው። የመንዝ ነባር ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ድንጋዩ ድምፅን ይመልሳል፣ ሣሩ ይውጣል። እንዲህ ያለ ቤት ለዘፈን የተሠራ ይመስል ከላይ ለስላሳ፣ ከጎን ሕያው ነው። ቆርቆሮ ክዳን ሲመጣ ይህ ሚዛን ፈረሰ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቀረጻው ይቆማል፣ ባልዘነበም ጊዜ ጣሪያው ራሱ ያስተጋባል።

ለመሆኑ ማስተጋባት ምን ጎዳን? የሚል ይኖራል። ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ያጠናውን በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» የሚል ስም የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የአማርኛ ቅኔያዊ ግጥም ወርቁን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ በመጥበቅና በመላላት ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ይህን አይጽፍም። «ይበላል» የምትለዋን ቃል እንውሰድ። ስትላላ ሰውየው በላተኛ ነው፤ ስትጠብቅ ራሱ ተበልቷል! በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ልዩነታቸውን የሚይዘው ጆሮ ብቻ ነው። «በ» ስትጠብቅ ከንፈር ለቅጽበት ይዘጋል፣ በዚያች ቅጽበት ዝምታ አለ። ማይኩ ከዘፋኙ ርቆ ቆሞ ከሆነ ያችን ዝምታ ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ይሞላታል፤ ጥብቁም ላላውም አንድ ይሆናል። ርቀት እጥፍ ሲሆን በቀጥታ የሚመጣው የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ግን ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ ሁለት ሜትር የተሳሳተ አቀማመጥ ወርቁን አጥፍቶ ሰሙን ብቻ ለልጅ ልጅ ሊያወርስ ይችላል።

እንግዲያው እናስጠጋው? እዚህ ላይ ነው ጭንቁ። ከአንድ ወዳጄ ጋር በመሐል ሜዳ አካባቢ በአንድ የድንጋይ ቤት ውስጥ ሦስት ቦታ ሞክረን አይተናል። መጀመሪያ ከአዝማሪው አንድ ክንድ ያህል ርቀን፣ ማይኩን በአገጩና በማሲንቆው ቆዳ መካከል አነጣጠርነው። ዕጣን የተቀባው የፈረስ ጭራ ሲፋተግ፣ ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ፣ ጥብቅና ላላው ሁሉ ቁልጭ አለ። «ተቀበል» ባዩ ግን ከማዶ ቀበሌ የሚጣራ መሰለ። ቀጥሎ ከምሰሶው ላይ ከራስ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ሰዉ ገባ፣ እልልታው ገባ፣ ስንኙ ጠፋ። በሦስተኛው ሁለት ማይኮች እንደ ፈረንሳይ ሬዲዮ ሥርዓት 17 ሳንቲ ሜትር አራርቀን፣ በ110 ዲግሪ ጎንና ጎን አዙረን፣ ከአዝማሪው ሁለት ሜትር በማይሞላ ቦታ በመደቡ በኩል አቆምን። ከኋላችን ባለው ድንጋይ ላይ ሁለት ባና ሰቀልን። (የቤቱ እመቤት ባናቸው ከአልጋ ወርዶ ግድግዳ ሲወጣ አይተው፣ ድንጋዩ በረደው ወይ? ብለው ጠየቁን።) አዝማሪው በመካከል፣ «ተቀበል» ባዮቹ በግራና በቀኝ፣ ሴቶቹ በጓዳው በር በኩል ሆነው እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ተሰሙ።

ከድምፁ ጥራት ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ግን የግጥሙ መለወጥ ነበር። በመጀመሪያው አቀማመጥ እኛ ከማይኩ ጀርባ፣ አዝማሪው ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበርና ሙያው እንደሚያዘው አወደሰን። ወዳጄ በመነጽሩ፣ እኔ በጫማዬ፣ ማሽኑ ሳይቀር በጌጡ ተመሰገነ። አዝማሪ ፊቱ ለተቀመጠውና ይሸልመኛል ለሚለው ሰው ይዘፍናል፤ ነውር የለበትም፣ እንጀራው ነው። ማይኩን ወደ ጎን ወስደን እኛም ከሰዉ መሐል ስንበታተን ፊቱን ወደ ባለቤቶቹ መለሰ። ያኔ ስለ ድንበር ክርክር፣ ስለ ከብት፣ ስለ አንዲት ሳትመጣ ስለቀረች ሙሽራ ተነሣ። ቤቱ ጦፈ። ስንኝ ከየአቅጣጫው ይወረወር ጀመር።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ቀረጻ ስሰማ ጆሮዬ ዘፈኑን ትቶ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ሰውየው ወደ ማን ዞሯል? ከኋላው ማን አለ? ብቻውን የሚሰማ አዝማሪ ብቻውን ነበር ማለት ነው ወይስ ማይኩ ሌላውን ሰው ከበር መለሰው? «ተቀበል» ያልተሰማበት ቴፕ በመዝገብ ቤት ሲቀመጥ ደራሲው አዝማሪው ተብሎ ይጻፋል። ከጥግ ሆኖ ያን ስንኝ ያወረወረው ገበሬ በታሪክ የለም። በካሴቱ ዘመን፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ፣ ሙዚቃ ቤቶቹ ማሲንቆውን ወደ ስቱዲዮ ሲወስዱት ይህ ልማድ ጠነከረ፤ ማሲንቆ ለብቻ፣ ድምፅ ለብቻ፣ እልልታውም ካስፈለገ በኋላ የሚጨመር ሆነ። የሙዚቃ ቤቶቹን አልወቅስም፤ ካሴቱ ባይኖር ስንቱን ባልሰማነው። ግን ያ የዘፈን ቀረጻ ነው፤ የቤቱ ቀረጻ ሌላ ነው።

ዋሽንትም የራሱ ጠባይ አለው። ማይኩን አፍ ለአፍ ቢገጥሙት የሚቀዳው ትንፋሽ ነው። ድምፁ የሚወጣው ከሚነፋበት ጫፍም ከቀዳዳዎቹም ስለሆነ ከነፊው በአንድ ሜትር ርቀት ወደ ጎን ማለት ይበቃል። እረኛው በሜዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ትንሽ መራቅ አይከፋም፤ በጎቹም የዜማው አካል ናቸውና።

ከሁሉም ከባዱ ላሊበላ ነው። ላሊበላዎች ጎሕ ሳይቀድ ይመጣሉ፤ ወንዱ በቃል፣ ሴቷ ቃል በሌለው ዜማ እየተቀባበሉ በሰው ደጅ ይዘምራሉ። ማይክ ይዞ ወጥቶ ከፊታቸው መቆም ይቻላል፤ ቃላቸውም ጥርት ብሎ ይያዛል። ነገር ግን ላሊበላን በዚያ በኩል ሰምቶት የሚያውቅ የለም። ላሊበላ የሚሰማው ከውስጥ፣ ከአልጋ፣ ከግማሽ እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ማይኩን ከመኝታው አጠገብ፣ በክንድ ከፍታ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ማታውኑ ማቆም ነው። መጀመሪያ ውሻው ይጮኻል። ከዚያ ዜማው በሩቅ፣ ቀጥሎ በአጥሩ በኩል፣ ቀጥሎ በግድግዳው ድንጋይ ውስጥ ያልፋል። አንድ ሰው ያስላል፣ ብርድ ልብስ ይገለጣል፣ መቀርቀሪያው ይንቋቋል፤ በሩ ሲከፈት ድምፁ ድንገት ጎላ ብሎ ይገባል። ሳንቲሙ ይወድቃል፣ ምርቃቱ ይወርዳል፣ በሩ ይዘጋል። ዜማው ወደሚቀጥለው ደጅ እየራቀ ይሄዳል።