ወረዳ 17ን ማን ያስታውሳል?

እኛ የቦሌ ልጆች «ወረዳ 17»ን የምናውቃት ከእናቶቻችን አሮጌ መታወቂያ ላይ ነው። አዲስ አበባ በ28 ወረዳዎች ተከፍላ ሳለ ቦሌ 17 ነበረች። በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተሞች ሲመጡ ያ አከፋፈል ቀረ። የከተማዋ የፓርላማ ወንበር ግን ንቅንቅ አላለም፤ በ1987 ምርጫ 23፣ በ2013ም 23።

ተቀማጮቹ ግን ተለዋውጠዋል። በ1997 ሃያ ሦስቱንም ወንበር ቅንጅት ጠራርጎ ወሰደ። በ2002 ኢሕአዴግ 22ቱን አስመለሰ፤ አንዷን የመድረኩ ግርማ ሰይፉ አሸነፉባት። ከመላ አገሪቱ ፓርላማ የገቡት ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭም እሳቸው ነበሩ። በ2007 እሷም ለኢሕአዴግ ሆነች።

ማን አሸነፈ በሚለው ሁላችንም ተጨቃጭቀናል። አንዱ ወንበር ስንት ሰው ይወክላል ብለን ግን ብዙም አልጠየቅንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም ወሰን በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ይወሰን ይላል። ከ1999ኙ ቆጠራ በኋላ ግን ቀጣዩ ተደጋግሞ ተራዘመ፤ የ2013ቱ ምርጫም ያለ አዲስ ቆጠራ ተካሄደ። በመሐሉ ሰሚት፣ አያትና አራብሳ በኮንዶሚኒየም ተሞሉ። በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተወለደ፤ ወንበር ግን አልተወለደም።

እንግሊዝ አገር ኦልድ ሳረም የምትባል ነዋሪ አልባ ሥፍራ እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለት እንደራሴ ትልክ ነበር። የእኛ ምሥራቅ የዚያ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰዉ ገባ፣ ወንበሩ ቀረ። ታዲያ መጀመሪያ መቆጠር ያለበት ድምፁ ነው ወይስ ሰዉ?