ባለብዙ ትር የኦንላይን ማመልከቻ ቅጽ አሠራር፦ ተገልጋዮች ሊገነዘቧቸው የሚገቡ ነጥቦች

በኦንላይን የሚሞሉ በርካታ የማመልከቻ ቅጾች በአንድ ገጽ ላይ በትሮች ተከፋፍለው ይቀርባሉ። «የግል መረጃ»፣ «አድራሻ»፣ «ተያያዥ ሰነዶች» እና «ማረጋገጫ» የሚሉት የተለመዱ ናቸው። ተገልጋዮች ሁሉንም ትሮች ከሞሉ በኋላ ማመልከቻቸው እንደተላከ አድርገው ሊያስቡ ይችላሉ። ሆኖም ቅጽ መሙላትና ማመልከቻ ማስገባት ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ልዩነቱን ያልተገነዘበ ተገልጋይ የማመልከቻ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

ቅጹ ትእዛዝ የሚቀበለው እንዴት ነው?

ቅጹ ተገልጋዩ አንድ ድርጊት እስኪፈጽም ድረስ ይጠብቃል። ቁልፍ መጫን፣ መጻፍ፣ ከዝርዝር መምረጥና ትር መቀየር እያንዳንዳቸው በፕሮግራም ሙያ «ክስተት» ይባላሉ። ለእያንዳንዱ ክስተትም አስቀድሞ የተወሰነ ምላሽ ይዘጋጅለታል። በሚገባ በተደራጀ ቅጽ እያንዳንዱ ትር የራሱን መረጃ ብቻ ይመረምራል፤ ማስቀመጥና ማስገባት ግን ለሁሉም ትሮች በጋራ በአንድ ቦታ ይፈጸማሉ። አሠራሩ በመሥሪያ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ መስኮት የድርሻውን ሰነድ መርምሮ የተሟላውን ፋይል መዝገብ ቤት እንደሚረከበው ዓይነት ነው።

የዋና ዋና ክስተቶች ትርጉም

1. ትር መቀየር፦ አንዱን ክፍል ሰውሮ ሌላውን ያሳያል። ቅጹ በራሱ እንዲያስቀምጥ ካልተዘጋጀ በስተቀር የተሞላው መረጃ በስልክዎ ወይም በኮምፒውተርዎ ላይ በጊዜያዊነት ብቻ ይቆያል፤ ገጹ ከተዘጋ ሊጠፋ ይችላል።

2. «ቀጣይ»፦ በትሩ ውስጥ የተሞላው መረጃ ትክክል መሆኑን ይመረምራል። ለምሳሌ 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ መለያ ቁጥር በ11 አሃዝ ከተጻፈ፣ ወይም በ2014 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ሆና ሳለ የልደት ቀን «ጳጉሜን 6» ተብሎ ከተሞላ እርማት ይጠይቃል።

3. «አስቀምጥ»፦ ማመልከቻውን በረቂቅነት ይይዛል። ረቂቅ ለውሳኔ የቀረበ ማመልከቻ አይደለም።

4. «አስገባ»፦ የሁሉንም ትሮች መረጃ በአንድነት ወደ ተቋሙ ይልካል። ማመልከቻው የሚቀርበው በዚህ ክስተት ብቻ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሁኔታዎች

ገጹ ክስተቶችን የሚያስተናግደው በየተራ ስለሆነ ምላሹ ሊዘገይ ይችላል። በዚህ ጊዜ «አስገባ» የሚለውን ደጋግሞ መጫን ማመልከቻው ሁለት ጊዜ እንዲመዘገብ ሊያደርግ ስለሚችል አንድ ጊዜ ብቻ ተጭኖ መጠበቅ ይገባል።

ወደ ቀደመው ትር ለመመለስ ትሩን ራሱን ወይም በቅጹ ላይ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ መጠቀም ያስፈልጋል። የስልኩ ወይም የብራውዘሩ የመመለሻ ቁልፍ ከቅጹ ሊያስወጣ ይችላል። «ከገጹ መውጣት ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ከቀረበ ያልተቀመጠ መረጃ አለ ማለት ሊሆን ስለሚችል በገጹ መቆየትን መርጠው መረጃውን ያስቀምጡ።

ማውዝ የማይጠቀሙ ተገልጋዮች፣ በተለይም ማየት የተሳናቸው፣ የተደራሽነት ደረጃን በጠበቀ ቅጽ ላይ በኪቦርዱ የቀስት ቁልፎች ከትር ወደ ትር መሸጋገር ይችላሉ።

ከገጹ ከመውጣትዎ በፊት

• በየትኛውም ትር ላይ የስህተት ምልክት አለመኖሩን ያረጋግጡ፤
• «አስገባ» የሚለውን መጫንዎን ያረጋግጡ፤
• የማመልከቻ ቁጥር ወይም የማረጋገጫ መልእክት መቀበልዎን አይተው ይመዝግቡ።

የማረጋገጫ መልእክት ካልደረስዎ እንደገና ከማመልከትዎ በፊት ማመልከቻው መመዝገቡን አገልግሎቱን ከሚሰጠው ክፍል ያጣሩ።