የማይበላው ዘንግ፦ ከባትሪ ድንጋይ እስከ ቀንጢቻ

የባትሪ ድንጋይ አለቀ ተብሎ ወዲያው የማይጣልበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው የጋሞ ደጋ ቀበሌዎች፣ በካምባም ሆነ በቦንኬ፣ ሬዲዮው ዝም ሲል ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ጨርሶ ሲሞት ይሰበራል። ጥቁሩ ዱቄት የትምህርት ቤት ሰሌዳ ማጥቆሪያ፣ ከመሃሉ የምትወጣው ዘንግ ደግሞ የልጆች መጫወቻ ትሆናለች።

ያቺን ዘንግ ልብ ብሎ ላያት ሰው ትልቅ ቁም ነገር ይዛለች። የውጪው የዚንክ ቆርቆሮ ተበልቶ፣ ተበስቶ፣ ውሃ አፍስሷል። ዘንጓ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች አለች። ሁለቱም ኤሌክትሮዶች ናቸው። ዚንኩ ራሱ እየሟሟ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ የካርቦኗ ዘንግ ሳትለወጥ ታቀባብላለች። ኬሚስቶች እንዲህ ያለችውን ኢነርት ኤሌክትሮድ ይሏታል። ኮሚሽን የማትበላ ደላላ በሏት። ዚንክንና ካርቦንን በዚህ መንገድ ያጋባቸው ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1866።

ሕክምናው ይህችን ደላላ የፈለጋት ለሌላ ጉዳይ ነበር። አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ በ1950ዎቹ በደም ውስጥ ያለን ኦክስጅን በፕላቲነም ኤሌክትሮድ መለካት ቻለ። በ1962 ደግሞ ከባልደረባው ጋር ኤሌክትሮዱ ላይ ስኳርን የሚፈጭ ኢንዛይም ጨመረበት። ዛሬ በየክሊኒኩ ያለው የስኳር መለኪያ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ጠብታ ደም ስትሪፑን ሲነካ ኢንዛይሙ ስኳሩን ይፈጫል፣ የተለቀቁትን ኤሌክትሮኖች ኤሌክትሮዱ ይሰበስባል፣ መሣሪያው ይቆጥራል። ኤሌክትሮዱ ራሱ የሚሟሟ ቢሆን የራሱን ኤሌክትሮን ይጨምርበት ነበር። መሣሪያው ያንንም ስኳር ብሎ ይቆጥረዋል፤ ሕመምተኛው በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን ይወጋል። የልብ ምት ማስተካከያም ያው ነው። በ1958 ስቶክሆልም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አካል ውስጥ ከተቀበረ በኋላ፣ ልብን የሚነካው የሽቦው ጫፍ የኋላ ኋላ ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም መሠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ፕላቲነም ከተባለ ደግሞ ወለጋ አለች። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጣሊያናዊው አልቤርቶ ፕራሶ በብርብር ወንዝ አካባቢ፣ ዩብዶ ላይ፣ ፕላቲነም ማስወጣት ጀመረ። ማዕድኑ ታጥቦ፣ ታሽጎ ባሕር ተሻገረ።

ሁለተኛው ታሪክ ለካምባ ይቀርባል። ከጋሞ ደጋ ወደ ምሥራቅ ጫሞ ሐይቅንና የአማሮን ተራሮች ተሻግሮ ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ አለች። በደርግ ዘመን በሶቪየት ባለሙያዎች እገዛ በተካሄደ አሰሳ ታንታለም ተገኘባት። ታንታለም ጠባዩ ከፕላቲነም ይለያል፤ የኦክሳይድ ቆዳ ያበቅልና ከቆዳው ሥር ይደበቃል። ያ ቆዳ እጅግ ስስ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ በትንሽ ቦታ ብዙ ኃይል የሚይዝ ካፓሲተር ይሠራበታል፦ ለስልክ፣ ለመስሚያ መሣሪያ፣ ልብን በድንገት ለሚያነቃው መሣሪያ። ስዊድናዊው ኤከበርግ በ1802 ሲያገኘው ስም ያወጣለት ከግሪኩ ታንታሉስ ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከማይጠጣው ሰው። ውህዱ አሲድ ውስጥ ተዘፍቆ አሲዱን አልቀበል ስላለ ነበር። ቀንጢቻም ለዓመታት ታጥቦ የተለየ ማዕድን ወደ ውጭ ላከች፤ አብረውት ያሉት ዩራኒየምና ቶሪየም ግን ማጓጓዙንም ገበያውንም አወሳሰቡት። እነሱን የሚለይ ፋብሪካ አጠገቧ አልነበረም።

እዚህ ላይ "ሀብታችን ተዘረፈ" ብሎ መደምደም ይቀላል። ከፊሉ እውነት ነው። ግን አንድ ኤሌክትሮድ የሚፈልገው ፕላቲነም ኢምንት ነው፤ ዩብዶ ሙሉ በሙሉ እዚሁ ቢቀር እንኳ አንድ ስትሪፕ አይወጣውም ነበር። ከማዕድኑ ጋር ያልቀረው ሙያው ነው። ይባስ ብሎ ዛሬ ብዙዎቹ ስትሪፖች ፕላቲነም የላቸውም። ፕላስቲክ ላይ የሚታተም የካርቦን ቀለም ነው፤ የኅትመቱ ስልት ቲሸርት ላይ ጽሑፍ ከሚያትሙ ቤቶች ሥራ ጋር ዘመድ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ዘንግም ካርቦን ናት። ከባዱ ሌላ ቦታ ነው፦ ኢንዛይሙ በቆላ ሙቀት እንዳይሞት ማድረግ፣ አሥር ሺኛው ስትሪፕ እንደ መጀመሪያው እንዲለካ ማድረግ፣ ያንን መርምሮ ማኅተም የሚያደርግ አካል ማግኘት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪዎች በካርቦን ኤሌክትሮዶች ላይ ለዓመታት የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠሩ ኖረዋል። ጽሑፎቹ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ስትሪፑ ግን አሁንም በውጭ ምንዛሪ ይገባል። መሣሪያው አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል፤ ስትሪፑ በአንድ ጠብታ ደም ያበቃል። ከካምባ ስኳሩን ለመለካት አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው የመኪና ሒሳብ የሚከፍለው ለዚያች አንድ ጠብታ ነው።